የተቆረጠው ትንፋሽ፦ ስለ ኮምፒውተር ሙዚቃና ስለ ልጆቻችን ጆሮ

በረዶው ገና ባልለቀቀበት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በኦስሎ ከተማ ግሮንላንድ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ በተከራየነው አዳራሽ ውስጥ፣ አንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በኮምፒውተር የሠራውን ሙዚቃ ለወላጆችና ለሽማግሌዎች አሰማ። ርዝመቱ ሦስት ደቂቃ አይሞላም፤ ስሙን «ትዝታ» ብሎታል። ሲያበቃ ግማሹ ሰው አጨበጨበ፤ ግማሹ ዝም አለ። ከዚያም ሦስተኛው ቡና እስኪቀዳ ድረስ የዘለቀ ክርክር ተነሣ። አንደኛው ወገን፣ «ይህ ሙዚቃ አይደለም፤ የሰው ሥራ ቆርጦ መለጠፍ ነው፤ ልጁ አንድ ክር እንኳ አልነካም» አለ። ሁለተኛው ወገን፣ «ዘመኑ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ልጆቻችን ከእኩዮቻቸው እኩል ይራመዱ እንጂ በእኛ ናፍቆት አትሰሯቸው» ሲል መለሰ። ልጁ ኮምፒውተሩን ዘግቶ ወደ ውጭ ወጣ። እኔም በዚያን ዕለት አንድ ቃል ሳልናገር ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ይህን መጣጥፍ የምጽፈው ሁለቱም ወገኖች የሳቱ ስለሚመስለኝ ነው። ሙያዬ ሕክምና እንጂ ሙዚቃ አይደለም፤ ክራር እቃኛለሁ ብል የሚያውቁኝ ይሥቁብኛል። ነገር ግን አብዛኛውን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት የሰው ደረት በማዳመጥ ስለሆነ፣ የተቀዳ ድምፅ ለጆሮ ምን እንደሚያስተምርና ምን እንደሚያጎድል በራሴ ላይ ደርሶ አይቻለሁ። የማቀርበው አሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ ዜማን ከቁራጭ ማነጽ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ ቁራጩን ማን፣ ከየት፣ በምን ልክ እንደቆረጠው ሳይጠይቁ ከሣጥን እያነሡ መደርደር ነው። ስለዚህ ልጆቻችንን ልናስተምራቸው የሚገባው ሶፍትዌሩን ሳይሆን መቁረጡን ነው።

ነገሩ እንግዳ ለሚሆንባቸው አንባቢያን ጥቂት ላብራራ። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚሠራባቸው የሙዚቃ ፕሮግራሞች ተማሪው ዝግጁ ሆነው የተቀመጡ አጫጭር የድምፅ ቁራጮችን እየመረጠ በመስመር ላይ እንዲደረድር ያስችሉታል። ያለማቋረጥ እየተደጋገመ እንዲዞር የተዘጋጀውን ቁራጭ ሉፕ ይሉታል፤ ከሌላ ቅጂ ተቆርጦ የተወሰደውን ድምፅ ደግሞ ሳምፕል ይሉታል። አፕል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2004 ጋራዥባንድ የሚባለውን ፕሮግራም ሲያወጣ ከ1,000 የሚበልጡ ሉፖችን አብሮ አቅርቧል። አንድ ልጅ ምንም መሣሪያ መጫወት ሳይችል ከሰዓት በኋላውን ተቀምጦ አንድ ሙሉ ዘፈን ሊሠራ ይችላል። የግሮንላንዱም ልጅ የሠራው ይህንኑ ነበር።

በመጀመሪያ «ቆርጦ መለጠፍ ሙዚቃ አይደለም» ለሚሉት ወገኖች መልስ ልስጥ። የሚሟገቱት በባህል ስም ነው፤ ባህሉ ግን አይደግፋቸውም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ የሚጻፍበትን ምልክት እናስብ። በትውፊት እንደሚነገረው፣ ይህን ምልክት የደነገጉት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 1540–1559) የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው። ምልክቱ እንደ አውሮፓው ኖታ አንዱ ለአንድ ድምፅ ብቻ የቆመ አይደለም። ከታወቀ የድጓ ቃል የተወሰደች አንዲት ወይም ሁለት ፊደል ከንባቡ በላይ በደቃቁ ትጻፋለች፤ ተማሪው ባያት ጊዜ ያ የታወቀው ቃል የሚዜምበት ሐረግ በሙሉ ይመጣለታል፤ ያንንም ሐረግ አሁን ከፊቱ ባለው ቃል ላይ ያሳርፈዋል። ይህ እንግዲህ ምንድን ነው? ተለይቶ የወጣ፣ ስም የተሰጠው፣ ተከማችቶ የተቀመጠና በአዲስ ቦታ ተመልሶ የሚገባ የዜማ ቁራጭ ነው። አባቶቻችን ከቁራጭ ማነጽን ያውቁበት ነበር።

ልዩነቱ ያለው በማከማቻው ላይ ነው። የድጓ ተማሪ ማከማቻው የገዛ ደረቱ ነው። ምልክቱን ከማየቱ በፊት ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ቃሉን በቃሉ ያጠናል፤ ሐረጉን እየሳተ፣ እየታረመ፣ እንደገና እየጀመረ ዓመታት ያሳልፋል። ስለዚህ ምልክቷ የምትጠራው እርሱ ራሱ በትንፋሹ የደከመበትን ሐረግ ነው። የግሮንላንዱ ልጅ ግን የጠራው የማያውቀው ሰው፣ በማያውቀው ከተማ፣ ለማያውቀው ዓላማ ያስቀመጠውን ነው። ወቀሳ ካለ ወቀሳው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ምስክሬ ከድጓው ይልቅ ለኮምፒውተሩ የቀረበ ነው። የተቀዳ ድምፅ ቆርጦና ቀይሮ ሙዚቃ መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1948 በፓሪስ ሬዲዮ፣ በፒየር ሼፌር እጅ እንደሆነ ሲነገር ኖሯል። ሼፌር የሸክላ መርፌው ከአንድ ክብ እንዳይወጣ አድርጎ ያንኑ ድምፅ ደጋግሞ ያሰማ ነበር፤ የዛሬው ሉፕ አያት ይህ ነው። ነገር ግን ከእርሱ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1944፣ ሐሊም ኤል-ዳብ የሚባል ወጣት ግብፃዊ በብረት ሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ ከሬዲዮ ጣቢያ ተውሶ በካይሮ የሴቶችን የዛር ሥርዓት ቀዳ። ከዚያም ቅጂውን በማስተጋቢያ ክፍል እያሳለፈ፣ አንዱን ድምፅ እያጎላ ሌላውን እያደከመ አዲስ ሥራ አወጣበት። ዛርን እኛ ኢትዮጵያውያን ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልገንም። የበለጠ የሚገርመው ግን ይህ ሰው በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ከ1962 እስከ 1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሩ፣ በ1963ም ክራሩን፣ መሰንቆውን፣ ዋሽንቱንና በገናውን ከየአካባቢው ሰብስቦ በአንድ መድረክ ያቆመውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መመሥረቱ ነው። ኦርኬስትራውን በኋላ የመራው ተስፋዬ ለማ እንደነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን፤ የመሥራቹን ታሪክ ግን የሚያነሣው ጥቂት ነው።

ከኤል-ዳብ ታሪክ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው፤ እርሱም የቅደም ተከተሉ ነገር ነው። ሰውየው መጀመሪያ ወጣ፤ ከሰዎቹ መካከል ቆሞ አዳመጠ፤ ቀዳ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ቆረጠ። ዛሬ ልጆቻችንን የምናስጀምራቸው ከአራተኛው እርምጃ ነው፤ እርሱንም ሌላ ሰው ጨርሶላቸዋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን፣ «ዘመኑ ነው» ወደሚለው ልሻገር። ይህ ወገን መሣሪያው ገለልተኛ እንደሆነ ያምናል። አይደለም። ጋራዥባንድን አዲስ የከፈተ ልጅ ምንም ሳይነካ የሚቀርብለት ልክ ይህ ነው፦ በደቂቃ 120 ምት፣ በአራት የሚቆጠር ምት፣ ሲ ሜጀር የሚባለው የአውሮፓ ስልት። በዕረፍት ላይ ያለ የአዋቂ ሰው ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል፤ ተቀምጦ ሳለ 120 ከመታ ሐኪም ምክንያቱን ይፈልጋል። በእርግጥ ልኩን መቀየር ይቻላል። ግን መቀየር እንዳለበት ያልተነገረው ልጅ ለምን ይቀይረዋል? ችክችካው በስድስት የሚሄድ፣ ክብደቱም እንደ ተጫዋቹ እጅ የሚያዘነብል ምት ነው፤ በአራት በተከፈለ መስመር ላይ ሲጫን ወይ ይሰበራል፣ ወይ ይደርቃል። ቅኝቶቻችንም እንዲሁ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ስንል የምንጠራው አምስት የፒያኖ ቁልፎችን ብቻ አይደለም፤ አዝማሪው በጆሮው የሚያስማማቸውን፣ ከአውሮፓው እኩል ክፍፍል ጥቂት ዝቅ ወይም ከፍ የሚሉ ድምፆችን ጭምር ነው። የልጁ «ትዝታ» የትዝታን አምስት ድምፆች ይዟል፤ ትዝታን ግን አልያዘም። የጎደለውን ነገር አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት አዛውንቶች ሁሉም በጆሯቸው ያውቁታል፤ አንድም ሰው ግን ለልጁ በቃል አላስረዳውም።

ይህ ስሕተት በልጆቹ አልተጀመረም። በሰዓት እላፊው ዘመን የሌሊቱ ጨዋታ ሲከስምና ባንዶች ሲበተኑ፣ ቀጥሎም በ1990ዎቹ፣ የነሐስ መሣሪያዎቹን ተርታ የተካው አንድ ሰው ከነምቱ የሚጫወተው ኪቦርድ ነበር። ርካሽ ነበር፤ ለሠርግም ተመቸ። በዚያ ኪቦርድ ያደግን እኛ ነን ዛሬ በሕፃን ላይ «ክር አልነካም» የምንለው።

እዚህ ላይ ከሙያዬ አንድ ነገር ልጨምር። በሶቪየት ኅብረት የመጨረሻ ዓመታት ሕክምና ስማር፣ የልብ ድምፅ የሚያስተምሩን በተቀዳ ቴፕ ነበር። የጠበበ የልብ በር የሚያሰማውን ጉርምርምታ ደጋግሜ ሰምቼ በቃሌ ያዝሁት፤ በፈተናውም አልተሳሳትኩም። ከሳምንት በኋላ ያው በሽታ ካለባቸው አንዲት አሮጊት አልጋ አጠገብ ቆሜ ማዳመጫውን ደረታቸው ላይ ሳኖር ምንም አልሰማሁም። አሮጊቷ ይተነፍሳሉ፤ ያስላሉ፤ አልጋው ይንቋቋል፤ ልባቸው አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ያዘግማል። መምህሬ ቴፑ ለጆሮዬ ስም ብቻ እንደሰጠው፣ ድምፁን ግን የምማረው ከሰው ደረት እንደሆነ ነገሩኝ። ተደጋጋሚው ቁራጭ አልዋሸኝም፤ አንድ ነገር ብቻ ደበቀኝ፤ እርሱም ሕይወት ያለው ነገር ራሱን በትክክል እንደማይደግም ነው።

ጤነኛ ልብ እንደ ሰዓት እኩል አይመታም። ትንፋሽ ስንስብ ጥቂት ይፈጥናል፤ ስናወጣ ጥቂት ይዘገያል። ክላይገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት፣ ልባቸው ድንገት ከታመመባቸው ሰዎች መካከል የምታቸው መለዋወጥ የቀነሰባቸው ለሞት የበለጠ የተጋለጡ ሆነው ተገኝተዋል። ምሳሌውን ከልኩ በላይ አልስበውም፤ ሙዚቃ ልብ አይደለም። ነገር ግን ሶፍትዌሩ የተጫዋቹን እጅ ወደ መስመሩ እየጎተተ «የሚያርምበትን» ቁልፍ፣ ኳንታይዝ የሚሉትን፣ ልጁ ሲጫን ባየሁ ቁጥር ያ ጥናት ትዝ ይለኛል።

መሣሪያው ግን የግድ ያደርቃል ማለትም አይደለም። ለዚህ ከራሳችን ሰዎች ምስክር አለን። የዋሊያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ስደት ላይ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ካሴት የተሠራው በአኮርዲዮን፣ በኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ በሲንተሳይዘርና ምት በሚመታ ማሽን ነበር። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም እስኪሰማው ድረስ ሰውየው ታክሲ እየነዳ ይኖር ነበር። ያን ሥራ ደግማችሁ አድምጡት። ማሽኑ ያለ አንዳች ማወላወል ይመታል፤ አኮርዲዮኑ ግን ከምቱ ኋላ ይቀራል፣ ይደርስበታል፣ ያልፈዋል። ኃይሉ ማሽኑን እንደ ጌታ ሳይሆን እንደ አጃቢ ይዞታል፤ ይህን ማድረግ የቻለውም ዜማው አስቀድሞ በጆሮው ስለነበረ ነው። የዚህ ዘመን ልጆችም አሉ። እንደገና ሙሉ ኢትዮጵያን ሪከርድስ በሚለው ስሙ፣ ሚካኤል ሰይፉ ደግሞ በ2014 ባወጣው «ያራዳ ልጅ» እና በ2016 ባወጣው «ዘላለም» የአገር ቤቱን ድምፅ ከኮምፒውተሩ ጋር አጋብተዋል። ሥራቸው ሁሉ እኩል ይጥመኛል አልልም፤ አንዳንዱ ቦታ የድምፁ ጭጋግ ዜማውን ይውጠዋል። ነገር ግን ቁራጩን ራሳቸው እንደቆረጡት ይሰማል፤ ለዚያም አከብራቸዋለሁ።

ደግሞም ዓለም የእኛን ቁራጭ ከወሰደ ቆይቷል። በ1997 የጀመረው የፍራንሲስ ፋልሴቶ የኤትዮፒክ ቅጂ ተከታታይ የድሮ ዘፈኖቻችንን ለውጭው ጆሮ ካደረሰ በኋላ፣ ኦ ኖ የሚባለው አሜሪካዊ በ2009 አንድ ሙሉ አልበም ከኢትዮጵያ ቅጂዎች ቆርጦ ሠራ፤ በ2010 ደግሞ ናስና ዴሚያን ማርሌይ ከሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ወስደው ዘፈኑበት። የእኛ ልጅ ያንን ዘፈን ኦስሎ ውስጥ በጆሮ ማዳመጫው ይሰማዋል፤ የማን እንደሆነ ግን አያውቅም። በገዛ አያቱ ቤት እንግዳ ሆኖ ይገባል ማለት ነው።

ኖርዌይ በዚህ ረገድ ለልጆቻችን የነፈገችው ነገር የለም። ከ1997 ጀምሮ ሕጉ እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት፣ ብቻውን ወይም ከሌሎች ጋር ሆኖ፣ ኩልቱርስኩሌ የሚሉት የልጆች የሙዚቃና የባህል ትምህርት ቤት እንዲኖረው ያስገድዳል። በ1993 እዚሁ ኦስሎ የተቋቋመው ኖታም የተባለው የሙዚቃና የቴክኖሎጂ ማዕከል ተማሪዎች ድምፅ እየቀዱና እየለወጡ ሙዚቃ የሚያቀናብሩበትን ፕሮግራም አዘጋጅቶ በነፃ ሰጥቷል፤ የዚያ ሥራ መነሻ ድምፁ ራሱ እንጂ የተዘጋጀ ሉፕ አልነበረም። በ2020 ሥራ ላይ የዋለው ሥርዓተ ትምህርትም በዲጂታል መሣሪያ ሙዚቃ መፍጠርን የትምህርቱ አካል አድርጎታል። በዚያው ዓመት ቢዮርቪካ ላይ የተከፈተው የዳይክማን ቤተ መጻሕፍትም ንባብ ብቻ ሳይሆን መቅጃ ስቱዲዮም አለው። በሩ ክፍት ነው። ኖርዌያዊው መምህር ግን ልጁን አምባሰልን ሊያስተምረው አይችልም፤ ግዴታውም አይደለም። ያ የእኛ ፈንታ ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ እናቱ ደውላ፣ «ዶክተር፣ እርስዎን ይሰማል፤ ይህን ነገር ትቶ ትምህርቱ ላይ እንዲያተኩር ይምከሩልኝ» አለችኝ። ሄድኩ፤ ግን ያልኩት ሌላ ነገር ነው። አያቱ ከደብረ ታቦር መጥተው አንድ በጋ እዚህ ከርመው ነበር፤ ልጁም ቡና ሲወቅጡና ሲያንጎራጉሩ በስልኩ ቀድቷቸው ነበር። ያን ቅጂ ለአንድ ዓመት ያህል አልከፈተውም። «ከሣጥኑ ምንም አትውሰድ፤ በዚህ ብቻ ሥራ» አልኩት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጨረሰና ለአያቱ በስልክ አሰማቸው። አያትየው እስከ መጨረሻው አደመጡና፣ «የኔ ልጅ፣ ድምፁስ የኔ ነው፤ ግን እዚህ ላይ ትንፋሽ ስቤ ነበር፤ የት አደረግኸው?» አሉት።

ልጁ ትንፋሹን ቆርጦ ጥሎት ነበር። ከምቱ መስመር ስለሚያወጣበት እንደ ስሕተት ቆጥሮታል። መልሶ ሲያስገባው ሙቀጫው ከመስመሩ ወጣ፤ ከሙቀጫው ጋር የደረደረው ከበሮም ተዛነፈ። ሁለት ቀን ታግሎ በመጨረሻ መስመሩን አጠፋውና ከበሮውን በእጁ፣ በጆሮው እየለካ አስቀመጠው። የሠራው ሥራ ታላቅ ሥራ አይደለም፤ መሐሉ ይረዝማል፤ አጨራረሱም ድንገተኛ ነው። ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ልጁ አንድን ድምፅ ለምን እዚያ ቦታ እንዳኖረው ሊነግረኝ ቻለ።

ከዚህ ተነሥቼ በየከተማው የቅዳሜ ትምህርት ለሚያስተምሩ ወገኖች አራት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኮምፒውተር የማይከፈትባቸው፣ ልጁ ከቤቱና ከሰፈሩ ድምፅ እየቀዳ የሚያመጣባቸው ይሁኑ። ሁለተኛ፣ ልጁ የሚቆርጠው በስክሪኑ ላይ ያለውን ሥዕል እያየ ሳይሆን ዓይኑን ጨፍኖ እየሰማ ይሁን። ሦስተኛ፣ መጀመሪያ ክራሩ በሰው እጅ ይቃኝ፤ ሶፍትዌሩም ወደ ክራሩ ይምጣ። ይህ ዛሬ ሰበብ የለውም፤ በ2024 የወጣውን የኤብልተን ላይቭ 12ኛ እትም ጨምሮ ከአውሮፓው ውጭ ያለ ቅኝት የሚቀበሉ ፕሮግራሞች አሉ። አራተኛ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ የማን ድምፅ እንደሆነ፣ የት እንደተቀዳ፣ ባለቤቱም ፈቅዶ እንደሆነ ከሥራው ጋር ይጻፍ። የድጓው ምልክት ከየትኛው ቃል እንደመጣ ይታወቃል፤ የልጆቻችንም እንዲሁ ይሁን።

ሦስተኛው ነገር ግን ያለ ሰው አይሆንም። ክራር በጆሮ የሚቃኙ፣ ባቲን ከአምባሰል በአንድ ግርፍ የሚለዩ ሰዎች በዚህ ከተማ ጥቂት ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ገፍቷል። ሐኪም ነኝና ከነርሱ አንዳንዶቹን የማገኛቸው በአዳራሹ ሳይሆን በምርመራ ክፍሌ ነው። «ልጁ ክር አልነካም» ያሉትም ከእነዚሁ መካከል ነበሩ። እውነት ብለዋል። እንግዲያውስ በሚመጣው ቅዳሜ ክራራቸውን ይዘው ይምጡ፤ ልጁ መቅጃውን ይዞ ይጠብቃቸዋል።